ሕግ የሚያውቅና ከምሳሌ የሚማር ኤጀንት ምንድን ነው?

በከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ቀን፣ የጎንደር ታቦታት ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ወጣቶች ከፊት ከፊታቸው ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ታቦቱ ያለፈበትንም ጠቅልለው እየሮጡ እንደገና ከፊት ይዘረጉታል። ይህን ሕዝብ በኮምፒውተር አስመስሎ ማንቀሳቀስ የሚሻ ባለሙያ ለእያንዳንዱ ሰው በራሱ የሚወስን ትንሽ ፕሮግራም ያበጃል፤ ኤጀንት የሚባለው ይህ ነው። የሺዎች ውሳኔ ሲደማመር ግፊያው ማንም ሳያዝዘው ከውስጥ ይወጣል።

ኤጀንቱ በምን ይወስን? አንደኛው መንገድ ሎጂክ ፕሮግራሚንግ ሲሆን፣ ዋና ምሳሌው እ.ኤ.አ. በ1972 አላን ኮልሜሮርና ባልደረቦቹ በፈረንሳይዋ ማርሴይ የሠሩት ፕሮሎግ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው አሠራሩን በቅደም ተከተል አይዘረዝርም፤ «ስፍራው ባዶ ከሆነና ምንጣፍ ካልተነጠፈበት ሰው ሊገባበት ይችላል» የሚል ሕግ ያሰፍራል፣ ማሽኑም ከሕጉ ተነሥቶ መልሱን ይደርስበታል፤ ለምን እንዲያ እንደ ወሰነም ተጠይቆ ሊያሳይ ይችላል።

ይሁንና ልጅ ያዘለች እናት ግፊያው ከመበርታቱ ስንት እርምጃ ቀድማ ወደ ዳር እንደምትወጣ በሕግ ልጻፍ የሚል ሰው ብዙ አይሄድም፤ እርሷም ብትጠየቅ ታደርገዋለች እንጂ በቃል አትተነትነውም። እንዲህ ላለው ኒውራል ኔትወርክ ይሻላል፤ የሰዎችን እንቅስቃሴ ከብዙ ምሳሌ አይቶ የውስጥ ቁጥሮቹን እያረመ ይማራልና። ምንጣፉ ግን በምሳሌዎቹ ውስጥ እምብዛም ካልታየ፣ ኔትወርኩ እንደ ማንኛውም መሬት ይቆጥረዋል።

ማጣመሩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ኔትወርኩ ለአንድ ኤጀንት «ወደ ፊት 0.6፣ ወደ ቀኝ 0.3፣ ባለበት መቆም 0.1» ብሎ ዕድሎችን ቢሰጥና ከፊት ምንጣፍ ቢኖር፣ ሕጉ የመጀመሪያውን ይሰርዛል፤ የቀረው ተመጣጥኖ ቀኝ 0.75፣ መቆም 0.25 ይሆናል። ልምዱ አልጠፋም፣ ክልክሉም አልተጣሰም። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ይህን ነው፤ የሚታወቀው በግልጽ ተጽፎ ይቀመጣል፣ የማይነገረው ብቻ ለመማር ይተዋል።

ተቃራኒው አካሄድም አለ፦ ኔትወርኩ «ይህ ስፍራ ተጨናንቋል» የሚለውን ከነዕድሉ ለሎጂኩ እንደ እውነታ ያቀብላል፣ ሎጂኩም በዚያ ላይ ያመዛዝናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቀረበው ዲፕፕሮብሎግ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። ዋጋው ጊዜ ነው፤ ሺህ ኤጀንት በየእርምጃው ሕጉን ሁሉ ይመርምር ከተባለ ሲሙሌሽኑ፣ ማለትም በኮምፒውተር የማስመሰሉ ሥራ፣ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኤጀንት ሕጉን በዙሪያው ባሉት ጥቂት ስፍራዎች ላይ ብቻ እንዲፈትን ይደረጋል።