የክንድ ነርቮች ትስስር ልዩነቶች

በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ላይ ሚዲያንና አልናር የተባሉት ሁለቱ የክንድ ነርቮች ከክርን እስከ አንጓ ሳይነካኩ ይወርዳሉ። በእውነተኛው ክንድ ላይ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። አንዳንዴ ሁለቱን የሚያገናኝ ቅርንጫፍ፣ ማለትም ትስስር፣ ይኖራል። በብዛት የሚታየው ከሚዲያን ወደ አልናር የሚሄደው የማርቲን-ግሩበር ትስስር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር ከሰዎች ከ15 እስከ 30 በመቶ ነው። ስዊድናዊው ማርቲን በ1763 እ.ኤ.አ.፣ በሴንት ፒተርስበርግ ያስተምር የነበረው ግሩበር ደግሞ በ1870 እ.ኤ.አ. ገልጸውታል።

ቅርንጫፉ ከሚዲያን ወይም የእሱ ቅርንጫፍ ከሆነው ከፊተኛው ኢንተርኦሲየስ ነርቭ ይነሣል፤ በላይኛውና በጥልቁ የጣት አጣፊ ጡንቻዎች መካከል ሰያፍ ሄዶ አልናርን ይቀላቀላል። የሚሸከመው በዋናነት የእንቅስቃሴ ክሮችን ነው፤ በብዛት የሚደርሱትም በአውራና በአመልካች ጣት መካከል ወዳለው ጡንቻ (የመጀመሪያው ኢንተርኦሲየስ) ነው።

የጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ተቋቁሞ፣ በ1978 ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ትምህርት የጀመረ አንጋፋ ቤት ነው። እዚህ ዲሴክሽን (አስከሬን ከፍቶ ማጥናት) የሚጀምር ተማሪ ሚዲያንን ከክርን እጥፋት ይዞ፣ መዳፍን ወደ ታች በሚያዞረው በፕሮኔተር ቴሬስ ጡንቻ ሁለት ራሶች መካከል ወደ ታች ይከተል። ላይኛውን የጣት አጣፊ ካነሣ በኋላ ስካልፔሉን አስቀምጦ ጫፉ ዱልዱም በሆነ መቀስ ይሥራ። ትስስሩ በአልናር ደም ቅዳ አጠገብ ስለሚያልፍ፣ ስብና ሽፋን ሲጠረግ ተቆርጦ የሚጣለው እዚያው ላይ ነው። ቀጭን ደም ሥርም ያሳስታል፤ ነርቭ ግን ቢቆረጥ መሐሉ ክፍት አይደለም።

ተቃራኒው፣ ከአልናር ወደ ሚዲያን የሚሄደው የማሪናቺ ትስስር፣ ብርቅ ነው። የሁለቱን ነርቮች ቅርንጫፎች የሚያገናኘው የሪሽ-ካንዩ ትስስር የሚገኘው መዳፍ ውስጥ ነው፤ በእሱ ምክንያት ሚዲያን አንጓ ላይ ተቆርጦ እንኳ የአውራ ጣት ጡንቻዎች ሊሠሩ ይችላሉ።

በነርቭ ፍጥነት ምርመራ ነርቭ በኤሌክትሪክ ተነቃቅቶ የጡንቻው ምላሽ ይመዘገባል። የአልናር ምላሽ አንጓ ላይ ሲነቃቃ ትልቅ፣ ክርን ላይ ሲነቃቃ ትንሽ ከሆነ የነርቭ መዘጋት ይመስላል፤ የማርቲን-ግሩበር ትስስርም ግን ያንኑ ሊያሳይ ይችላል። ያለ በቂ ማጣራት ቀዶ ጥገና ማሰብ እዚህ ላይ አደገኛ ነው። መጀመሪያ ምላሹን የሚመዘግበው መቅጃ ትንሿ ጣት ሥር ወይም የመጀመሪያው ኢንተርኦሲየስ ላይ እንዳለ ሚዲያንን ክርን ላይ ማነቃቃት ይገባል፤ ክርን ላይ ሲነቃቃ የሚገኘው ምላሽ አንጓ ላይ ሲነቃቃ ከሚገኘው ጎልቶ ከወጣ ትስስሩ አለ ማለት ነው። የኤሌክትሪኩ መጠን ከሚገባው በላይ ከፍ ካለ ግን ወደ ጎረቤት ነርቭ ይፈስና የሌለ ትስስር ያሳያል፤ ስለዚህ መጠኑን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ምላሹ ማደጉን ሲያቆም ትንሽ ብቻ አልፎ መቆም ነው።