ሂትለር ሥራ አጥነትን አጠፋ? እስቲ እንየው

የአምባገነን ወሬ በተነሳ ቁጥር አንዱ ብቅ ይልና «ሰውየው ክፉ ነበር፤ ግን ኢኮኖሚውን አስተካክሏል እኮ» ይላል። ቁጥሩን ካየን አልዋሸም። በ1933 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ጀርመን ውስጥ 6 ሚሊዮን የተመዘገበ ሥራ አጥ ነበር። በ1938 ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው የት ገባ?

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። «ሂትለርን ያመጣው ገንዘብ በጋሪ ይጫን የነበረበት የዋጋ ንረት ነው» ይባላል። ያ 1923 ነው። በ1928ቱ ምርጫ ናዚዎች ያገኙት 2.6 በመቶ ድምፅ ብቻ ነበር። በጁላይ 1932 ወደ 37 በመቶ የዘለሉት ከ1929ኙ የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ፣ የጀርመኑ ጠቅላይ ሚኒስትር (ቻንስለር) የብሩኒንግ መንግሥት ወጪና ደመወዝ እየቆረጠ ሥራ አጡ ሲከመር ነው። ያኔ ዋጋ ይወርድ ነበር እንጂ አይወጣም።

«አውቶባኑን (የመኪና ፈጣን መንገዱን) የፈጠረው፣ ሰውንም ሥራ ያስያዘው ሂትለር ነው» የሚለውስ? የኮሎኝና የቦንን መንገድ በኦገስት 1932 የመረቀው የኮሎኙ ከንቲባ ኮንራድ አዴናወር ነው። ሂትለር ገና ሥልጣን አልያዘም። የአውቶባን ሥራ በደራበት በ1936 እንኳ የቀጠረው 130 ሺህ ሰው ገደማ ነው። ከ6 ሚሊዮን!

ሰዎቹ የገቡበትን ልንገራችሁ። በ1933 የጋብቻ ብድር መጣ፤ ተጋቢዎች እስከ 1,000 ማርክ ይወስዳሉ፣ ሙሽሪት ግን ሥራዋን መልቀቅ አለባት። በዚያው ዓመት አይሁዶች ከመንግሥት ሥራ ተባረሩ፤ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ። በ1935 ወጣቱ ለ6 ወር የግዳጅ ሥራ፣ ከዚያም ለውትድርና ተጠራ። ወታደር ደግሞ ሥራ አጥ ተብሎ አይቆጠርም። ትልቁ ነገር ግን መሣሪያ ነው። የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ያልማር ሻኽት «ሜፎ» የተባለ የይስሙላ ኩባንያ አቋቋመና የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች በሱ ስም በወጣ የዱቤ ወረቀት ይከፈላቸው ጀመር፤ ዕዳው በመንግሥት በጀት ላይ አይታይም። በ1938 ይሄ ድብቅ ዱቤ 12 ቢሊዮን ማርክ ደርሶ ነበር። ሻኽት ራሱ በጃንዋሪ 1939 «ወጪው ይገታ» ብሎ ሲጽፍ ተባረረ።

«ሠራተኛው ግን ተመችቶት ነበር» የሚሉ ደግሞ አሉ። በሜይ 2 ቀን 1933 የሠራተኛ ማኅበራት ቢሮዎች ተወረሩ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ የሥራ ማቆም አድማ ቀረ። የሰዓት ክፍያው በቀውሱ ዘመን የወረደበት አካባቢ ታስሮ ቀረ፤ ሰው ብዙ ያገኘ የመሰለው ብዙ ሰዓት ስለሠራ ነው። መኪናውስ? ሠራተኛው በሳምንት 5 ማርክ እየቆጠበ፣ በደብተሩ ላይ ቴምብር እየለጠፈ ቮልስዋገን እንዲጠብቅ ተነገረው። ከ300 ሺህ በላይ ሰው ቆጠበ። ፋብሪካው ለጦሩ መኪና ማምረት ጀመረ፤ ከቆጣቢዎቹ በዚያ ደብተር መኪና የተረከበ አንድም ሰው የለም። ዕቁብ ነው፣ ዕጣ የማይወጣበት።