«ኤፍ4ቢ-4» ሲባል ምን ማለት ነው?

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያበራቸው የነበሩ ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ አውሮፕላኖች ስማቸው ብዙ ሰው ያደናግራል። «ኤፍ4ቢ-4»ን እንውሰድ። «ኤፍ» ተዋጊ ማለት ነው፤ «ቢ» አምራቹ ቦይንግ ነው። መሃል ያለው 4 ቦይንግ ለባሕር ኃይሉ ያቀረበው አራተኛ የተዋጊ ዓይነት መሆኑን ይናገራል። ከሰረዙ በኋላ ያለው 4 ደግሞ የዚያው ዓይነት አራተኛ ስሪት ነው።

ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ነው። የሚቆጠረው በየፋብሪካው እንጂ በባሕር ኃይሉ ጠቅላላ ተራ አይደለም። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነበረው የከርቲስ ኤፍ6ሲ እና የሁለተኛው የዓለም ጦርነቱ የግሩማን ኤፍ6ኤፍ ሄልካት ሁለቱም 6 ቁጥርን ይዘዋል፤ ዝምድና ግን የላቸውም።

ለፋብሪካው የመጀመሪያ ዓይነት መሃል ላይ 1 ቁጥር አይጻፍም። የግሩማን የመጀመሪያ ተዋጊ «ኤፍኤፍ-1» የተባለው ለዚህ ነው፦ አንዱ «ኤፍ» ተዋጊ፣ ሌላው ግሩማን። «ጂ» ለምን አልሆነም? ፊደሉን ግሬት ሌክስ የተባለ ኩባንያ ቀድሞ ይዞት ነበር። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንኑ ኤፍኤፍ-1 ነው፤ እግሮቹ ወደ ሆዱ የሚታጠፉት በረራ ላይ መዘውር በእጅ እየተሽከረከረ ነበር።