«የሕዝብ አስተያየት» ምንድን ነው? የጦር አዋጅ አይደለም

«83 ከመቶ አሜሪካዊ ቻይናን አይወድም። ስለዚህ መንግሥታቱ ፈለጉም አልፈለጉም ግጭቱ አይቀርም።» ይህን ያለው አንድ የቴሌቪዥን ተንታኝ ነው። ፈረንጅ አራዳ ቡና በምንጠጣበት ቤት የነበረው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ጅማ ውስጥ ዓለም አቀፍ ግንኙነት አስተምራለሁ፤ ይቺ «ስለዚህ» ልቤን ካወለቀችው ቆይታለች።

ቁጥሩ ልክ ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ያገኘው ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ግን የተጠየቀው «ለቻይና ያለህ አመለካከት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ተብሎ ነው። «ቻይና የኔ ናት ወደምትላት ታይዋን ልጅህን ለጦርነት ትልካለህ?» ያለው የለም። ደግሞ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ባይደንና ሺ ጂንፒንግ ካሊፎርኒያ ላይ ተገናኝተው፣ የሁለቱ ጦር ተቋርጦ የነበረውን ግንኙነት ለመቀጠል ተስማሙ። ታዲያ ያ 83 ከመቶ የት ገባ? የትም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ስለ ኑሮ ውድነት እያሰበ ነበር። በ2025 ደግሞ ቁጥሩ ወደ 77 ወረደ።

የጅማ አባ ጅፋርን ደጋፊ አስቡት። ተጋጣሚውን አይወድም፤ ያፏጫል፣ ይሳደባል። ተቀያሪ የሚያስገባው ግን አሰልጣኙ ነው። የኛ ተንታኝ ከስታዲየም ውጭ ቆሞ ጩኸቱን ይሰማና አሰላለፉን ይነግረናል።

ጩኸቱንስ ማን ጀመረው? ከበሮ የያዘ አስጨፋሪ አለ። በውጭ ጉዳይ ብዙ ሰው በቂ ጊዜም መረጃም ስለሌለው ዜማውን የሚቀበለው ከሚያምነው መሪና ፓርቲ ነው። አሜሪካ ውስጥ «ቀይ ቻይና» ሃያ ዓመት ሙሉ ስትወገዝ ኖረች። በጁላይ 1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ብድግ ብሎ «ቤይጂንግ እሄዳለሁ» አለ፤ በፌብሩዋሪ 1972 ሄደ። ማንንም አላስፈቀደም። እንዲያውም አስቀድሞ አማካሪውን ኪሲንጀርን የላከው በድብቅ ነው።

የስታዲየሙን በር የሚከፍተውም ክለቡ ነው። በሜይ 1999 ኔቶ (የአሜሪካና የአጋሮቿ የጦር ኅብረት) ሰርቢያ ዋና ከተማ ቤልግሬድ የሚገኘውን የቻይና ኤምባሲ በቦምብ መትቶ ሦስት ቻይናውያን ጋዜጠኞች ሞቱ። የቤይጂንግ ተማሪዎች ሆ ብለው ወጥተው የአሜሪካን ኤምባሲ በድንጋይ ደበደቡ። መንግሥት አልከለከላቸውም፤ እንዲያውም አውቶቡስ ቀረበላቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 2001፣ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላንና የቻይና ተዋጊ ጄት ሃይናን ደሴት አጠገብ ተጋጭተው ቻይናዊው አብራሪ ሞተ። ንዴቱ ያው ንዴት ነው። በሩ ግን ተዘጋ፤ ሰልፍ የለም። 24ቱ አሜሪካውያን ከ11 ቀን በኋላ ተለቀቁ።

ጄሲካ ቼን ዋይስ የተባለች ተመራማሪ እነዚህን ሁለት ክስተቶች አነጻጽራ የምትለው፣ በሩን መክፈት ራሱ መልእክት ነው። «እኔ እሺ ብል ደጋፊዬ አይለቀኝም» እንደማለት ነው። የገባን ደጋፊ ደግሞ በቀላሉ አታስወጣውም፤ ክለቡን ራሱን ሊሰድብ ይችላል። ለድርድር ሲፈለግ በር የሚዘጋውም ለዚህ ነው። ከዚህ በፊት በ1994 ጄምስ ፊሮን የተባለ አሜሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ተቀራራቢ ነገር ጽፎ ነበር። በአደባባይ የዛተ መሪ ወደኋላ ቢል በገዛ ሕዝቡ ፊት ዋጋ ይከፍላል፤ ተቀናቃኙም ይህን ስለሚያውቅ ዛቻውን ያምነዋል። (የሙያ ባልደረቦቼ በዚህ ሐሳብ እስከ ዛሬ ይነታረካሉ። እንደ ቀመር እንዳትይዙት።)

ሕዝብ ከንቱ ነው ማለቴ ነው? ኧረ አይደለም! በ1962 ሶቪየቶች ኩባ ላይ የኑክሌር ሚሳኤል በመትከላቸው የተነሳው የኩባ ሚሳኤል ቀውስ የበረደው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቱርክ ውስጥ ያሉትን የአሜሪካ ጁፒተር ሚሳኤሎች ለማንሳት ለሶቪየቶች ቃል ከገባ በኋላ ነው። ቃሉ ግን በምስጢር እንዲያዝ አደረገ። ኔቶም ያሳስበው ነበር፣ መራጩም። ሕዝቡን ባይፈራ ኖሮ ምን አስደበቀው? ልብ በሉ፣ ፍርሃቱ ስምምነቱን አላስቀረም። የቀየረው አደራረጉን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባትጠይቁኝም። መጠይቅ ይዘን ገጠር ስንወጣ፣ ሰውየውን ለብቻው ልናነጋግር አንድ ጥያቄ ሳንጨርስ ጎረቤት ይሰበሰባል። ሽማግሌው በእሱ ፈንታ ይመልሳሉ። እሱም አንገቱን ደፍቶ «እሳቸው እንዳሉት ጻፉት» ይላል። ወረቀቱ ላይ ግን የእሱ አስተያየት ተብሎ ይሰፍራል። እዚህ ማንም ሳያስፈራራው እንዲህ ከሆነ፣ መንግሥት በሚፈራበት አገር ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቱ። ስለዚህ «ይህን ያህል ከመቶ ቻይናዊ» የሚል ዜና ሲመጣ ቁጥሩን የማየው በኋላ ነው። መጀመሪያ የምፈልገው ማን እንደጠየቀ፣ በስልክ ይሁን በአካል፣ አጠገቡስ ማን እንደነበረ ነው።