የድሮ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፦ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ በየጓሮው የቆመ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አይጠፋም። አንዱን ዘመድ ከአረብ አገር የላከው ነው። ሌላው ደግሞ በዝውውር የሄደ ሰው ሸጦት የቀረ የጣሊያን ዛኑሲ ነው። ሳፋና ባልዲ ተደርቦበት ዓመታት ይቆያል። አንድ ቀን «ቆራሌው!» ሲባል በብረት ዋጋ ይሄዳል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ብዙዎቹ መዳን የሚችሉ ነበሩ። የጨረሳቸው ስለ ብልሽታቸው የሚወራው ወሬ ነው።

«እያጉረመረመ አልዞር ካለ ሞተሩ ተቃጥሏል»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህ ነው። የሚቃጠል ሞተር በእርግጥ አለ። የተቃጠለ ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሸታል፣ ጥምጥሙ ይጠቁራል፣ ብሬከር ይጥላል። ድምፅ እያሰማ የማይዞር ከሆነ መጀመሪያ ካፓሲተሩን ጠርጥሩ። በተለይ በአንድ ጎኑ የሚያጥብ፣ በሌላው የሚጨምቅ ባለ ሁለት ክፍል ማሽን ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የእነዚህ ማሽኖች ሞተር ባለ አንድ ፌዝ ስለሆነ ለመነሳት የሚገፋው ይፈልጋል። ገፊው ካፓሲተሩ ነው፤ ሲያረጅ ደግሞ አቅሙ ይወርዳል። ሆዱ ካበጠ ወይም ካፈሰሰ ምርመራም አያስፈልገው። ካልሆነም የካፓሲተሩን አቅም በማይክሮፋራድ የሚለካ ቴስተር ወዲያው ይናገራል። አዲሱ ሲገዛ የማይክሮፋራድ ቁጥሩ አሮጌው ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል ይሁን። ቮልቱ ደግሞ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። አንድ ነገር አደራ፦ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሩ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። የሚያራግፈው ባለሙያ ካልሆነ እጅ አይግባበት።

በፊት ለፊት የሚከፈቱት አሮጌ ማሽኖች ላይ ደግሞ ሞተሩ ጭራሽ ዝም ካለ ካርቦኖቹ ይታዩ። በሞተሩ ግራና ቀኝ የተቀመጡ፣ በሥራ ብዛት የሚያልቁ ሁለት ትንንሽ ከሰሎች ናቸው። ካለቁ ይቀየራሉ። ሞተር ማስጠምጠምን ምን አመጣው?

«ኦሪጅናል መለዋወጫው ካልተገኘ አለቀለት»

ሲጨምቅ እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮህ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የድራሙ ኩሽኔታ አልቆበት ነው። ኩሽኔታ ደግሞ በዓለም አቀፍ ቁጥር የሚሠራ ዕቃ ነው። ጎኑ ላይ 6205 ከተጻፈ የውስጡ ስፋት 25፣ የውጩ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው። የማሽኑ ስም ምንም ይሁን ምን ይህ አይለወጥም። ስለዚህ የዛኑሲ ዕቃ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መደወል አያስፈልግም። ቁጥሩን አንብቦ ለመኪናና ለወፍጮ ኩሽኔታ የሚሸጥ ሱቅ መጠየቅ ነው። ቺንጋም ቢሆን ልኩ ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ተጽፏል።

ኩሽኔታው ሲቀየር ውሃ የሚከለክለው የጎማ ቀለበትም አብሮ ይቀየር። ኩሽኔታውን ያበላሸው ብዙ ጊዜ በዚያ ጎማ በኩል የገባ ውሃ ነው። ጎማውን መተው ገንዘብ መጣል ነው። ድራሙ ከወጣ አይቀር ከጀርባው ያለውን ሦስት ክንድ ያለው ድጋፍም እዩት። ብዙ ጊዜ ከአሉሚኒየም ስለሚሠራ ይበላል፣ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ብየዳውን አላምነውም፤ ድራሙ ሲጨምቅ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ነው የሚዞረው። እዚህ ላይ ምትክ ካልተገኘ ማሽኑ ለሌላ ማሽን መለዋወጫ ቢሆን ይሻላል።

«ትራንስፎርመር ካለ የአሜሪካ ማሽን ችግር የለውም»

ግማሹ እውነት ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት፣ አይቀይርም። ስለዚህ ሜይታግን የመሰለ የድሮ የአሜሪካ ማሽን እዚህ ሲሠራ ስድስት እጅ የነበረው ፍጥነቱ ወደ አምስት ይወርዳል። የሚሽከረከረው ሰዓቱም አብሮ ስለሚዘገይ 10 ደቂቃ የተባለው እጥበት 12 ደቂቃ ይፈጃል። ይህ ያን ያህል አይጎዳም። የሚጎዳው ሄርዙ ሲወርድ የሚጨምረው የሞተሩ ሙቀት ነው። ወደ 120 ሳይሆን ወደ 100 ቮልት ገደማ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቢደረግለት ሙቀቱ ይቀንሳል።

«የሮቶ ውሃ ለአውቶማቲክ አይበቃም»

አንድ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ይፈልጋሉ። ሮቶው ከማሽኑ በላይ አራት አምስት ሜትር ላይ ከተሰቀለ ይበቃል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ውሃ በቀስታ የሚገባ ከሆነ የመግቢያ ቱቦውን ፍቱት። ውስጡ ትንሽዬ ወንፊት አለች። ክረምት ላይ ውሃው ሲደፈርስ በደለል ትደፈናለች። አውጥቶ ማጠብ ነው።

«አረፋው በበዛ ቁጥር ይጸዳል» የሚሉም አሉ። ለእጅ እጥበት የተሠራ ኦሞ አውቶማቲክ ውስጥ ሲበዛ አረፋው ልብሱ እርስ በርሱ እንዳይመታ ያደርጋል፤ ሳሙናውም ሳይለቅ ይቀራል። ሽምብጥን በመሰለ ለሐይቁ ቅርብ ሰፈር ደግሞ የፈሰሰው ውሃ ቦዩን ተከትሎ ጣና ሊገባ ይችላል። እባካችሁ ቀንሱ።

«ትንሽ መንዘር የአሮጌ ማሽን ጠባይ ነው»

በፍጹም! ላሜራው እጅ የሚነዝር ማሽን ሰው ሊገድል ይችላል። የላስቲክ ጫማ መፍትሔ አይደለም። ምክንያቱ የተላጠ ሽቦ፣ ውሃ የገባበት ሞተር ወይም ማሞቂያ ሊሆን ይችላል። ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ (ኧርዝ) ደግሞ የለም ወይም ተቋርጧል። እድሳት ላይ ይህን የሚያመጣ አንድ የተለመደ ነገር አለ። ዝገቱ ተፍቆ፣ አንቲረስት ተቀብቶ፣ ማሽኑ አምሮ ይወጣል፤ ነገር ግን የኧርዙ ብሎን የሚታሰርበት ቦታ አብሮ ቀለም ይቀባል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ያ ቦታ ብረቱ እስኪታይ ተፍቆ ብሎኑ ይጥበቅ። ግድግዳው ሶኬት ላይ ኧርዝ መኖሩንም ኤሌክትሪሺያን በመሣሪያ ያረጋግጥ። እስከዚያ ማሽኑ ተነቅሎ ይቁም፤ ልብሱ በእጅ ይታጠብ።