«ጨዋታ» በስፖርት፣ በኪነ ጥበብና በንግድ ዜና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጨዋታ» የማይገባበት የዜና ገጽ የለም። ኳሱ ጨዋታ ነው፤ ዘፈኑን የተጫወተው እገሌ ነው፤ ገበያው ላይ አዲስ ተጫዋች ገባ ይባላል። ዜና ሳርም ስለዚህ ቃል ደጋግሜ የምሰማቸውን፣ ግን ትክክል ያልሆኑትን ላንሳ።

«ጨዋታ ማለት ቁም ነገር የሌለው ነገር ነው»

አይደለም። እንግዳ ሲመጣ «ተጫወት እንጂ» የምንለው እንዲያወራን ነው። ተጫዋች የሚባለውም ወሬው የሚጥም ሰው ነው። «ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል» ሲባልም የሚነሳው ወግ ነው፤ ወጉ የኀዘንም ሊሆን ይችላል።

«‹ዘፈን ተጫወተ› ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ነው»

የእንግሊዝኛው ቃል የሚያገለግለው መሣሪያ ለሚጫወት ነው፤ በድምፁ ለሚያዜም ሌላ ግስ አለው። በአማርኛ ግን ድምፃዊው ራሱ ዘፈኑን «ተጫወተ» ይባላል። አገባቡ የራሳችን ነው። የባዕድ አገባብ የሚሸተኝ «ሚና ተጫወተ» ላይ ነው፤ «አገዘ» ወይም «ምክንያት ሆነ» ብዙ ጊዜ ይበቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ መሣሪያዎቹ የየራሳቸውን ግስ እያጡ መሆኑ። ዋሽንት ይነፋል፣ ማሲንቆ ይመታል፣ በገና ይደረደራል። በተለይ በገና የምስጋናና የጸሎት መሣሪያ ነውና «በገና ተጫወተ» የሚል ዜና ሳገኝ ሳላርም አላልፍም። ደርዳሪ የሚል ስም እያለው ሰውየውን ተጫዋች ማለት ሙያውን መንጠቅ ነው።

«ውድድርና ጨዋታ አንድ ናቸው»

በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተካሄደውን የአፍሪካ ዋንጫ እንውሰድ። የተካፈሉት 4 ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ ውድድሩ አንድ፣ ጨዋታዎቹ 4። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ያሸነፈችበት አንድ ጨዋታ ነው፤ በፍጻሜው ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት በዚያው 4 ለ 2 የረታችበት ሌላ ጨዋታ ነው። ዋንጫው የተገኘው ግን በውድድሩ ነው። ደግሞ ሁሉም ስፖርት ጨዋታ አይደለም፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ተጫዋች ያለው ሰው አልሰማሁም። ሯጭ ይሮጣል፣ ይወዳደራል።

«ድርጅቱ ‹ከጨዋታ ውጪ ሆነ› ሲባል የኳሱን ሕግ መዋስ ነው»

በንግድ ገጽ ላይ ብዙ የሚያሳስተው ይህ ነው። በእግር ኳስ ከጨዋታ ውጪ የቦታ ጉዳይ ነው። አጥቂው በተጋጣሚው ሜዳ፣ ከኳሱም ከሁለተኛው የመጨረሻ ተከላካይም አልፎ ለግቡ ቀርቦ ይገኛል። እዚያ መቆሙ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ጥፋት የሚሆነው ጓደኛው ኳስ ሲነካ እዚያ ቦታ ላይ ከነበረና ከዚያ በእንቅስቃሴው ከተሳተፈ ነው። ኳሱ በቀጥታ ከእጅ ውርወራ፣ ከመልስ ምት ወይም ከማዕዘን ምት ከመጣለት ደግሞ ጥፋት የለም። ባንዲራው ቢነሳበትም ተጫዋቹ ከሜዳ አይወጣም፤ ወዲያው ወደ ቦታው ተመልሶ መጫወቱን ይቀጥላል።

የንግድ ዘጋቢው ግን «ከጨዋታ ውጪ ሆነ» ሲል ድርጅቱ ጨርሶ ወጣ ማለቱ ነው። ከኳስ ምሳሌ ከተፈለገ የሚቀርበው ቀይ ካርድ ነው። ግን ምሳሌ ለምን ያስፈልጋል? ከሰረ? ፈቃዱ ተሰረዘ? ጨረታውን ተሸነፈ? ሦስቱ የተለያዩ ዜናዎች ናቸው፤ አንባቢም የፈለገው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው።

«‹የገበያ ተጫዋች› የመንደር ቋንቋ ነው፤ ‹የገበያ ተዋናይ› ይሻላል»

ይህን እርማት ብዙ አዘጋጆች ያደርጉታል። «ተዋናይ»ም ሆነ «ተውኔት» ከግዕዙ «ተዋነየ» የወጡ ናቸው፤ ትርጉሙም ተጫወተ ነው። ቴአትሩን ተውኔት ስንል በግዕዝ ጨዋታ ማለታችን ነው። ስለዚህ እርማቱ ቃሉን ከአማርኛ ወደ ግዕዝ ወሰደው እንጂ ነገሩን አልለወጠውም። ስለ አክሲዮን ግብይት ሲጻፍ የሚሸጥ አለ፣ የሚገዛ አለ፣ የሚያገናኝ አለ፣ የሚቆጣጠር አለ። አራቱንም «ተዋንያን» ብሎ የጠቀለለ ዘገባ ሲመጣልኝ ቃሉን እሰርዝና ለዘጋቢው መልሼ እልከዋለሁ፦ ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ?