በዩጊዮ ካርድ «ታይሚንግ ማለፍ» ምንድን ነው?

ደሴ ፒያሳ፣ ካፌ ውስጥ ዩጊዮ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ የያዙ ልጆች ድምፃቸው ከፍ ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። የአንዱ ካርድ መቃብር (የሞቱና ያገለገሉ ካርዶች የሚቀመጡበት ቦታ) ገብቷል። ጽሑፉ «መቃብር ሲገባ ይህን ማድረግ ትችላለህ» ይላል። ባለቤቱ ሊያደርግ ሲል ተጋጣሚው «አይቻልም፣ ታይሚንግ አልፎሃል» ይለዋል። በስልክ ማስተር ዱኤል የሚባለውን የዩጊዮ ጌም የሚጫወተው ደግሞ ይብስበታል። «ካርዱን ትጠቀማለህ?» የሚለው ጥያቄ ሳይመጣ ጨዋታው ይቀጥላል። ልጁ ጌሙ የተበላሸ ይመስለዋል።

አልተበላሸም። ካርዱ የሚጠብቀው ነገር ሆኗል፣ ግን ወዲያው ሌላ ነገር ተከትሎበታል። ታይሚንግ ማለፍ የሚባለው ይሄ ነው። ጨዋታው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመጨረሻ የሆነው ምንድን ነው?

ወሎ ውስጥ ዱዓ ሲደረግ «አሚን» የሚባለው መራቂው እንዳበቃ ነው። ሌላ ወሬ ከተጀመረ በኋላ አሚን ቢሉ ቦታ የለውም። እንዲህ ያለው ካርድም ልክ እንደዚያ ነው።

ፔተን ዘ ዳርክ ክላውን የሚባለውን ካርድ እንውሰድ። ፔተን መቃብር ሲገባ ራሱን ከጨዋታ አስወጥቶ ሌላ ፔተን ከእጅ ወይም ከዴክ (ተጫዋቹ ከሚስብበት የካርድ ክምር) መጥራት ይችላል። በውጊያ ከሞተ ችግር የለም። መቃብር መግባቱ የመጨረሻው ክስተት ስለሆነ ሁለተኛው ፔተን ይመጣል።

አሁን ትልቅ ጭራቅ ለመጥራት ፔተንን ትሪቢዩት አደረጋችሁት፣ ማለትም መሥዋዕት አደረጋችሁት እንበል። መጀመሪያ ፔተን መቃብር ይገባል፣ ቀጥሎ ትልቁ ጭራቅ ሜዳ ላይ ይወርዳል። የመጨረሻው ክስተት የጭራቁ መምጣት ነው። ፔተንን ታይሚንጉ አለፈው። ለሌላ ካርድ ክፍያ ተብሎ ከእጅ ሲጣልም ያው ነው፤ ክፍያው ቀድሞ ይከፈላል፣ የካርዱ ሥራ በኋላ ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቼይን ላይ፣ ማለትም ለአንድ ካርድ መልስ ሆነው በላዩ ላይ የሚጨመሩ ካርዶች ሰንሰለት ላይ ነው። ቼይን የሚፈታው ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ መጨረሻ የተጨመረው መጀመሪያ ይሠራል። ፔተንን የሚገድለው ካርድ ሁለተኛው ላይ ካለ፣ እሱ ሠርቶ ሲያበቃ አንደኛው ገና ይቀራል። አንደኛው ሲሠራ የፔተን ሞት የመጨረሻ መሆኑ ይቀራል። ገዳዩ ካርድ አንደኛው ከሆነ ግን ፔተን ይነሳል። ጎበዝ ተጫዋች ይህን አውቆ ገዳዩን ካርድ ሆን ብሎ ሁለተኛ ላይ ያስገባዋል። ማጭበርበር አይደለም፤ እኔ እንዲያውም የጨዋታው ውበት እዚህ ጋር ይታየኛል።

ታዲያ የትኛው ካርድ ነው ታይሚንግ የሚያልፈው? የእንግሊዝኛው ጽሑፉ ላይ «ዌን» (ሲሆን) እና «ዩ ካን» (ትችላለህ) አብረው ካሉ ሊያልፈው ይችላል። በ«ዌን» ፋንታ «ኢፍ» (ከሆነ) ከተጻፈ አያልፈውም፤ ቼይኑ እስኪያልቅ ጠብቆ ተራውን ያገኛል። «ዩ ካን» ከሌለ ደግሞ ሥራው ግዴታ ነውና በ«ዌን» ቢጻፍም አያልፈውም። ሌላው መታየት ያለበት ድርጊቶቹን የሚያያይዘው ቃል ነው። «ዘን» (ከዚያ) ካለ አንዱ ከሌላው በኋላ ስለሚሆን የመጀመሪያውን የሚጠብቅ ካርድ ይቀርበታል። «ኤንድ» (እና) ካለ አብረው እንደሆኑ ይቆጠራል።

የጨዋታው አሳታሚ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2011 የካርዶቹን አጻጻፍ ሥርዓት አስይዞታል። ሁለት ነጥብ (:) ካለ ከእሱ በፊት ያለው ካርዱ መቼ እንደሚሠራ የሚናገር ነው። ከሴሚኮለን (;) በፊት ያለው ካርዱ ሲጠራ የሚደረገው፣ ለምሳሌ ክፍያ ወይም ዒላማ መምረጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የካርዱ ሥራ። ከ2011 በፊት የታተመ ካርድ ከያዛችሁ አዲሱን ጽሑፍ ፈልጋችሁ ብታነቡ ይሻላል።

እውነቱን ለመናገር ሕጉ ለጀማሪ ከባድ ነው። አንድ ቃል የጨዋታውን ውጤት ሲቀይር ያበሳጫል። የሚያሳዝነኝ ግን ክርክሩ ድምፁ ከፍ ባለው ወይም በዕድሜ በሚበልጠው አሸናፊነት ሲያልቅ ነው። ጠረጴዛ ላይ ዳኛ ከሌለ ካርዱ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ከዚያ የሆነው ነገር በቅደም ተከተል አንድ በአንድ ይቆጠር። ፔተን ዴካችሁ ውስጥ ካለ ደግሞ ትሪቢዩት አታድርጉት፤ አጥቅቶ ወይም ተከላክሎ በውጊያ ይሙት።